ሁለቱም ታንዛኒያን አይተዋል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። የምጽፈው ስለ ሽርሽር ነው። አገሩ በዚህ ሁሉ ጭንቅ ተይዞ ስለ ሽርሽር መጻፍ ምን ይባላል የምትሉ አላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ውረዱብኝ።

ሆሳዕና ውስጥ የማውቀው አንድ ቤት አለ። ስም አልጠራም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰፈሩን ብናገር እንኳ ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ። የቤቱ ታላቅ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ዓመታት ኖሯል። መጀመሪያ ሎኬሽን ለሎኬሽን ብርድ ልብስ ተሸክሞ ዞረ፣ በኋላ የራሱን ሱቅ ከፈተ። አምና ጥር ላይ ለሠርጉ መጣ። ሠርጉ የኛ አገር ሠርግ ነበር፤ ድንኳኑ፣ የመኪናው አጀብ፣ አታካናው፣ መዘምራኑ፣ ምንም አልጎደለም። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዋን ይዞ ዛንዚባር ለመሄድ አሰበ። እኔን የጠሩኝ በእንግሊዝኛ የሚሞላውን ፎርም እንድሞላላቸው ነው። ሦስት ምሽት ሳሎናቸው ቁጭ ብለን አቀድን።

እንዴት ያለ ዕቅድ መሰላችሁ! መጀመሪያ ወቅቱን አየን። ዛንዚባር በፈረንጆቹ ከማርች እስከ ሜይ ከባድ ዝናብ አለ፤ ስለዚህ የካቲት ሳያልቅ መሄድ አለባቸው ተባለ። ቀጥሎ ሆቴሉ። ፓጄ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እየሸሸ ሰው መዋኘት ያቅተዋል፤ ኑንግዊ ግን እንደዚያ አይሸሽም የሚል አንብበን ኑንግዊን መረጥን። ቪዛው በኢንተርኔት ተሞላ። የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ግዴታ ስለሆነ ሁለቱም ተከተቡ። የወባ መከላከያ ክኒን ተገዛ። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፤ እሱም ተገዛ። ዋናው ከተማ ስቶን ታውን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ሙሽራዋ ትከሻዋን የሚሸፍን ልብስ እንድትይዝ ተመከረች።

እናትየው ጥያቄያቸው አያልቅም። «ባሕሩ ቅርብ ነው ወይ? ጀልባ ላይ እንዳትወጡ። ምግቡስ ይስማማችኋል?» አባትየው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግመው የሚጠይቁኝ፦ «መመለሻው ተቆርጧል ወይ?» ተቆርጧል አልኳቸው። ወረቀቱን አምጣና አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው። ቀኑን በጣታቸው ነክተው አረጋገጡ።

ታናሽ ወንድምየው በሦስቱም ምሽት እዚያው ነበር። ቡና ያቀብላል፣ ስልኩን ሶኬት ላይ ሰክቶ ጥግ ይቀመጣል፣ ብዙም አይናገርም።

ሙሽሮቹ ሄደው በስድስተኛው ቀን ተመለሱ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታናሽየው ከቤት ጠፋ። ጠፋ ስል ተደብቆ አይደለም፤ ቤተሰቡ ያውቃል። ብሩ ተዋጥቷል፤ አንድ በሬ ተሽጧል፣ የእናትየው ዕቁብ ገብቶበታል፣ ቀሪውን ታላቅየው ሞልቷል። አባትየውን አግኝቼ በየት በኩል ነው የሄደው አልኳቸው።

«በሞያሌ።»

ከሞያሌ በኋላስ?

«ሰውየው ያውቃል።»

የቱ ሰውዬ?

«የሚያደርሰው ነዋ።»

ስሙ ማን ነው? ቅጽል ስም ነገሩኝ። ቤቱ የት ነው? አያውቁም። ስልክ አለዎት? አንድ ቁጥር አላቸው፤ እሱም ከሄደ ጀምሮ አይነሳም። «ጸልዩልን» አሉኝ።

ልጁ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ታንዛኒያ ውስጥ ተይዞ ሰባት ወር እስር ቤት ቆይቶ ተመለሰ። ያ ቤት እንግዲህ ሁለት ልጆቹ ታንዛኒያን አይተዋል። አንዱ ስድስት ቀን፣ አንዱ ሰባት ወር። አንዱ ከቦሌ ሦስት ሰዓት በማይሞላ በረራ፣ አንዱ በጫካና በጭነት መኪና። ለታናሽየው የወጣው ብር ደግሞ ለሙሽሮቹ ከወጣው እጥፍ በላይ ነው።

ክርክሬ ይኸው ነው፦ እኛ የሐዲያና የከምባታ ሰዎች ማቀድ አናውቅም የሚለን ካለ ይዋሻል። ማቀድ እናውቃለን። ለስድስት ቀን መዝናኛ የባሕሩን መሸሽና መመለስ ሳይቀር እናጠናለን። የልጃችን ዕድሜ ሙሉ ለሚወሰንበት ጉዞ ግን አንድ ጥያቄ አንጠይቅም። ባለማወቅ አይደለም። መልሱን ስለምንፈራው ነው።

ይህን ስል የዛንዚባሩን ሽርሽር ልኮንን አይደለም። በየጊዜው «ወገን ተርቦ እነሱ ባሕር ዳር ፎቶ ይነሳሉ» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ከዚህ ወገን አይደለሁም። ሠርቶ ያገኘ ሰው ሚስቱን ይዞ ቢዝናና ነውሩ የቱ ላይ ነው? እንዲያውም ልቤን ደስ ያለው የሆሳዕና ልጅ ፓስፖርቱን ይዞ፣ ቪዛ ተመትቶለት፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ታንዛኒያ መግባቱ ነው። የኛ ልጅ ታንዛኒያን እንዲህም ማየት ይችላል ለካ አልኩ። የሚያቃጥለኝ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ሳሎን፣ ያንኑ አባት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ሰው ሆኖ ማየቴ ነው።

መልሱን እንፈራዋለን ያልኩት በምክንያት ነው። መልሱ ተጽፏል፤ በአደባባይ ያለ ነገር ነው። ሰኔ 2004 ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ከሞቱ በኋላ መንገድ ዳር የተጣሉ ከ40 በላይ ሰዎች ተገኙ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ተከፈተ፤ ከውስጡ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወጣ፣ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 2015 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ 25 አስከሬን የያዘ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015፣ ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ከመካከላቸው አንድ ልጅ ይተነፍስ ነበር።

የዚህ የደቡብ መንገድ ተጓዥ አብዛኛው ከየት እንደሚነሳ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ገና በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከአፍሪካ ቀንድ በዓመት ከ17,000 እስከ 20,000 ወንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ ገምቶ ነበር። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ፣ ከሺንሺቾ፣ ከአንጋጫ ስንት ድንኳን ያለ አስከሬን እንደተተከለ ዕድሮቻችን ያውቃሉ። በፎቶ ያለቀስንበት ቤት ብዙ ነው።

አሁን የሚመጣውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። አንድ በአንድ ልውሰደው።

«ድህነት ነው የሚገፋው፤ ጥያቄ የመጠየቅ ቅንጦት የለንም።» ድህነቱ እውነት ነው። ሐዲያና ከምባታ መሬቱ ጠቧል፤ አባት ለአራት ወንድ ልጅ የሚያካፍለው የእንሰት ማሳ ለአንዱም አይበቃም። ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ሞልቷል። ግን ልብ በሉ፦ የመጨረሻው ድሃ በዚህ መንገድ አይሄድም። ደላላው በነፃ አይወስድም። የሚሄደው በሬ ያለው፣ ዕቁብ ያለው፣ ውጭ አገር ወንድም ያለው ቤት ልጅ ነው። ያን ያህል ብር ያሰባሰበ ቤት ለአንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይሆንበትም። ለሠርግ ኮሚቴ የምናቋቁም ሰዎች እኮ ነን።

«ደቡብ አፍሪካ ሆሳዕናን ሠርቷታል።» ይህም እውነት ነው፤ አልክድም። ፎቁን፣ ሱቁን፣ ሚኒባሱን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ጣሪያ እናያለን። ነገር ግን የምናየው የደረሰውን ነው። የደረሰው ልጅ ፎቅ ይሠራል፤ ያልደረሰው ልጅ ምንም አይሠራም፣ ስለዚህ ከመንገድ ላይ ሆነን አናየውም። ከተማችን የደረሱትን በሲሚንቶ ጽፋለች። የቀሩትን የምትጽፍበት አንዲት ግድግዳ የላትም። ጎረምሳው ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው የአንደኛውን ወገን መልስ ብቻ ነው።

«በሩን የከፈተው እግዚአብሔር ነው።» ይህ ከባዱ ነው፤ በአክብሮት ልናገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና ላይ በተደረገ ትልቅ የወንጌል ስብሰባ ከውጭ የመጣ ሰባኪ የደቡብ በር እንደሚከፈት ተነበየ የሚለውን ታሪክ ያልሰማ የለም። ትንቢቱን ለመከራከር አልመጣሁም፤ ያ የኔ ወንበር አይደለም። ግን ተስፋ የተሰጠው ሕዝብ እንኳ ወደ ከነዓን ከመግባቱ በፊት ሙሴ 12 ሰላዮች ልኮ አገሩን አስጠንቷል። ግንብ ሊሠራ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ በምሳሌ የተነገረንም ከዚያው መጽሐፍ ነው። መጠየቅ እምነት ማጣት ሆኖ የተቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ለሙሽሮቹ የዛንዚባር ሆቴል ስንጠይቅ እምነታችን ጎድሎ ነበር?

ወደ ታላቅ ወንድምየው ልመለስ፤ የጽሑፌ ጥርስ ያለው እዚያ ነው።

ከዛንዚባር ሲመለስ ፎቶ አሳየኝ። ባሕሩ፣ ጀልባው፣ እስር ቤት ደሴት የሚሏት ላይ ያሉት ግዙፍ ኤሊዎች። አንድ ቦታ ግን ፎቶ የለውም። ስቶን ታውን ውስጥ ጥንት የባሪያ ገበያ የነበረበት ስፍራ አለ፤ ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ዛሬ ካቴድራል ቆሞበታል። ከዋናው አፍሪካ እየተነዱ የመጡ ሰዎች ይሸጡበት ነበር። አጠገቡ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ጠባብ መስኮት ያላቸው የምድር ቤት ክፍሎች ለጎብኚ ይታያሉ። አስጎብኚው ስንት ሰው እንደሚታጎርበት እያስረዳ ሳለ የኛ ሙሽራ ጥሎ ወጣ። ሚስቱ ምን ሆንክ አለችው። «ሞቀኝ» አላት።

ለኔ ግን ነገረኝ። እሱ ራሱ ሲሄድ ከማላዊ ወዲያ በተዘጋ መኪና ውስጥ ነበር የተጓዘው። አጠገቡ የነበረው የሾኔ ልጅ ሞቶ ሬሳውን ተደግፎ አንድ ቀን ሄዷል። ለሚስቱ አልነገራትም። ለእናቱ አልነገራቸውም። ለታናሽ ወንድሙም አልነገረውም። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው፣ ያንኑ መንገድ ለወንድሙ ብር ሞልቶ ላከበት፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

ለምን አልነገርከውም አልኩት። «ብነግረው ራስህ ደርሰህ እኔን ትከለክላለህ ይለኛል» አለኝ።

የተመለሳችሁ ወንድሞች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው። አከብራችኋለሁ፤ ያያችሁትን አይቼ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን ዝምታችሁ እየገደለ ነው። በመሳላና በያሆዴ ስትመጡ መኪናውን ታሳያላችሁ፣ ስልኩን ታሳያላችሁ፣ ሠርጉን ታሳያላችሁ። መኪናው ውስጥ የነበረውን አታሳዩም። ደላላው የሚነግደው በዚህ ዝምታ ነው። እሱ ማስታወቂያ ማሠራት አያስፈልገውም፤ ማስታወቂያው እናንተ ናችሁ። አንዲት ምሽት፣ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ፣ እውነቱን ተናገሩ። አትሂዱ በሉ አላልኳችሁም። የሆነውን ብቻ ንገሯቸው።

የመንግሥትን ነገር አጭር አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ሁላችንም የምናውቀው ነው። አዋጅ አለ፤ ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግረውን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቶ ዓመታት አልፈዋል። ባነር አለ። በየሆቴሉ አዳራሽ «ሕገወጥ ስደትን በጋራ እንከላከል» የሚል ስብሰባ አለ፤ አበልም አለ። ከሆሳዕና የክልል መቀመጫነት ሕዝቡ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ በየወረዳው ስንት ልጅ ወጣ፣ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ በየት አገር እስር ቤት አለ፣ የስንቱ ድምፅ ጠፋ የሚል መዝገብ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ልጇ የጠፋባት እናት ሄዳ የምትጠይቅበት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ ይኑር። ሥራ መፍጠሩ ጊዜ ይወስዳል እሺ፤ መቁጠር ምን ይወስዳል?

ለቤተሰብ ደግሞ ስብከት አልጨምርም። የዛንዚባሩን ፎርም ስሞላ የተጠየቅኩትን ሰባት ጥያቄ ልስጣችሁ። ልጃችሁ «ልሄድ ነው» ሲላችሁ ያንኑ ፎርም አምጥታችሁ አብራችሁ ሙሉት።

1. ፓስፖርት አለው? ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ፓስፖርት የያዘ ሰው በበሩ ይገባል። ታዲያ ደላላው ልጁን በጫካ የሚወስደው ለምንድን ነው?

2. በስንት አገር ያልፋል? ስማቸውን በቅደም ተከተል ጥራ። ለየትኛው ቪዛ አለህ?

3. በየትኛው መኪና? ተቀምጠህ ነው ተደራርበህ? አየር አለው?

4. የት ታድራለህ? ቤቱ የማን ነው? ስልክ ቁጥሩን ጻፍ።

5. ብትታመም ማን ያሳክምሃል? ብትያዝ ማን ይደርስልሃል? የሚወስድህ ሰው ሙሉ ስሙና ቤቱ የት ነው?

6. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? መንገድ ላይ «ጨምሩ፣ አለዚያ ልጁን አታገኙትም» ቢሉ ከየት እንከፍላለን?

7. መመለሻው ተቆርጧል ወይ?

የሰባተኛው ባለቤት እኔ አይደለሁም። ያ አባት ናቸው። ለታላቅየው ሦስት ምሽት ሙሉ የጠየቁትን ጥያቄ ለታናሽየው አንድ ጊዜ ቢጠይቁት ኖሮ ምን ይመልስላቸው ነበር? ምናልባት ያኔም ይሄድ ነበር። እኔ ልጁን ያስቀረዋል ብዬ አልምልም። ግን ከሰባቱ አምስቱ «ሰውየው ያውቃል» ተብሎ ሲመለስ፣ በሬው ሳይሸጥ ያደረ አባት ይኖር ነበር። በዚያች አንድ ሌሊት ደግሞ ብዙ ነገር ይታሰባል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ታናሽየው ከታንዛኒያ እስር ቤት ሲመለስ ስናወራ ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ልጁ ከዚያ በፊት ከሐዋሳ አልፎ አያውቅም። ዕድሜ ልኩ ለራሱ ብሎ የሄደበት ቦታ የለም። ከቤት ወጥቶ፣ ማደሪያ ይዞ፣ ወጪ አስልቶ፣ አይቶ የመመለስ ልምድ የለውም። የመጀመሪያ ረጅም ጉዞው ያ መኪና ነበር። ከልጆቻችን ስንቱ እንዲህ ነው? እዚሁ አፍንጫችን ሥር አምበሪቾ ተራራ አለ፤ 777ቱን ደረጃ ወጥቶ ከምባታን ቁልቁል ያየ የሆሳዕና ጎረምሳ ስንት ነው? አጆራ ፏፏቴስ? ደሴት ካማረው ደግሞ ዝዋይ ቅርብ ነው፤ ሐይቁ ላይ ቱሉ ጉዶና እህቶቿ አሉ፤ ጀልባ ተሳፍሮ በዕለቱ ይመለሳል። እንደ ቀልድ አትዩት። ጉዞ ማለት የሚታቀድ፣ የሚጠየቅበት፣ የሚመለሱበት ነገር መሆኑን በእግሩ የተማረ ልጅ፣ «ዝም ብለህ ግባ፣ ሰውየው ያውቃል» ሲሉት ቢያንስ ይጠይቃል።

ታላቅየው ተመልሶ ጆሐንስበርግ ገብቷል። ታናሽየው አሁን ሆሳዕና ነው። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አካባቢ አገኘሁት፤ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ቆሞ ያወራ ነበር። ሲያየኝ ወሬውን አቋረጠ። ሰላም ብዬው ልሄድ ነበር፤ ከዚያ ተመለስኩና ሰባቱን ጥያቄ በስልኩ ላክሁለት።

እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። ማንበቡን ግን አይቻለሁ።

ቸር እንሰንብት።